ወረቀቱ ምን ያህል እርግጠኛ ነው?

ሰላም ልጆቼ። ደሴም ሁኑ ኮምቦልቻ፣ ወልዲያም ሁኑ ከሚሴ፣ ሳይኮሎጂ የምትማሩ ወይም ማስተርስ ለመጀመር የምታስቡ ልጆች፣ ይህቺን የጻፍኳት ለእናንተ ነው። ትንሽ ረዘም ትላለች። ቡና አፍሉና አንብቧት።

ዕድሜዬን የፈጀሁት በዚህ ሙያ ነው። የተማሪ ቴሲስ ሳነብ፣ ዲፌንስ ላይ ስቀመጥ፣ ደጋግሞ የሚቆጨኝ ነገር አለ። ልጁ ጎበዝ ነው። የያዘው ጥያቄ ሁነኛ ጥያቄ ነው። ዳታውን የሰበሰበው ኩታበርና ተሁለደሬ ድረስ ወርዶ፣ ቤት ለቤት ዞሮ፣ ውሻ አባሮት ነው። እንግሊዝኛው ጋ ሲደርስ ግን ሌላ ሰው ይሆንብኛል። የማይጠቀምባቸውን ትልልቅ ቃላት ይደረድራል፣ ስላይዱን ከላይ እስከ ታች ያነበንባል፣ ጥያቄ ሲመጣ ምላሱ ይተሳሰራል። ሲወጣ ደግሞ «እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለሆነ ነው» ይላል።

እኔ ግን አይመስለኝም። ቢያንስ ከሃይስኩል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ስትማሩ ነው የኖራችሁት፤ ሰዋስዉ ቢጎድል እንኳ እየሞላ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ ያልተለመደው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ጸሐፊ የሚለውን ነገር የሚለው ምን ያህል እርግጠኛ ሆኖ ነው? ይህን እየጠየቀ የሚያነብ ተማሪ፣ ቃላቱ ግማሹ ቢያመልጡት እንኳ ወረቀቱ፣ የጥናት ጽሑፉን ማለቴ ነው፣ አያመልጠውም።

አንድ ምሳሌ እነሆ። እንቅልፍ ማጣት ከድብርት ጋር «አሶሲዬትድ» ነው የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ድብርትን «ፕሪዲክት» ያደርጋል የሚል አለ። «ኮዝ» ያደርጋል የሚልም አለ። ሦስቱም ሲነበቡ ያው ይመስላሉ፤ ግን በመካከላቸው ሰፊ ገደል አለ። የመጀመሪያው ሁለቱ ነገሮች አብረው ይታያሉ ከማለት አያልፍም። ሁለተኛው አንዱን ካወቅሁ ሌላውን በተወሰነ ደረጃ መገመት እችላለሁ ይላል። ሦስተኛው አንዱ ሌላውን ያመጣል ይላል፣ ይህን ለማለት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኤክስፐሪመንት ያስፈልጋል። የእኛ ተማሪዎች ጥናት በብዛት ክሮስ ሴክሽናል ነው፤ ሰውን አንዴ አግኝተን፣ መጠይቅ አስሞልተን እንመለሳለን። ከዚያ ዳታ ውስጥ እንቅልፍ ማጣቱ ይቅደም ድብርቱ ይቅደም ማንም ሊያውቅ አይችልም። ታዲያ ሪዘልቱ ላይ «አሶሲዬትድ» ብሎ በጨዋ ደንብ የጻፈ ልጅ፣ ዲስከሽን ላይ ሲደርስ ሞቅ ይለውና «እንቅልፍ ማጣት ድብርት ያመጣል» ብሎ ቁጭ። ኤግዛማይነሩ የሚጠብቀው ይህቺኑ ነው።

ስለዚህ አንብቡ ስላችሁ ከየት እንደምትጀምሩ ልንገራችሁ። አብስትራክቱን ወረቀቱ ይጠቅመኛል ወይስ አይጠቅመኝም ለማለት ብቻ እዩት። ከዚያ ኢንትሮዳክሽኑን ዝለሉና ሜተድ ውስጥ ግቡ። የወረቀቱ ቀላሉ እንግሊዝኛ ያለው እዚያ ነው። ያለፈ ጊዜ፣ አጭር ዓረፍተ ነገር፣ ቁጥር። ማንን ጠየቁ? ስንት ሰው? በምን ለኩ? ከዚያ ሠንጠረዦቹን ብቻችሁን እዩ፣ ምን እንደሚሉ በአማርኛ ጻፉ፣ የጸሐፊውን ማብራሪያ የምታነቡት ከዚያ በኋላ ነው። ዲስከሽኑ ይቆያችሁ። ጸሐፊው ሊያሳምናችሁ የሚጥረው እዚያ ላይ ስለሆነ፣ የራሳችሁን ሐሳብ ሳትይዙ ከገባችሁ ይዟችሁ ይሄዳል።

በፈረንጆቹ 1974 የሳይኮሎጂ ተመራማሪዎቹ ኤልዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር ስለ ትዝታ ያወጡትን ጥናት ክላስ ውስጥ ሰምታችሁታል። በሁለተኛው ሙከራቸው 150 ተማሪዎች የመኪና ግጭት ያለበት አጭር ፊልም አዩ። 50ዎቹ «መኪኖቹ ሲከሰካከሱ ፍጥነታቸው ስንት ነበር?» ተባሉ። ሌሎቹ 50 «ሲጋጩ» በሚል ቃል ተጠየቁ። የቀሩት 50 ስለ ፍጥነት ምንም አልተጠየቁም። ከሳምንት በኋላ ሁሉንም የተሰበረ መስታወት አይታችኋል ወይ አሏቸው። ፊልሙ ውስጥ የተሰበረ መስታወት አልነበረም።

ተማሪ ስጠይቅ የሚመልስልኝ «የጥያቄው ቃል ትዝታን ይቀይራል» የሚለውን ነው። ይበል። ሠንጠረዡን ክፈቱት እስቲ። «ሲከሰካከሱ» ከተባሉት 50 ሰዎች መስታወት አየሁ ያሉት 16 ናቸው። «ሲጋጩ» ከተባሉት 7፣ ካልተጠየቁት 6። ልዩነቱ ግልጽ ነው፣ ጥናቱም የታወቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ግን እዚያው ሠንጠረዥ ላይ፣ በጣም አነሳሽ የሆነውን ቃል ከሰሙት 50 ሰዎች ውስጥ 34ቱ አላየንም ብለዋል። አብዛኛው ሰው አልተሳሳተም! ይህን ያየ ልጅ ሲያቀርብ «ቃል ትዝታን ይቀይራል» ብሎ አይፎክርም። «በዚህ ሙከራ ጠንከር ያለው ቃል ያላዩትን አየን የሚሉ ሰዎችን ቁጥር ከፍ አድርጓል፣ ከ50 ሰው ከ7 ወደ 16» ይላል። ይህንን በእንግሊዝኛ ለማለት ምንም የረቀቀ ቃል አያስፈልግም። የሃይስኩል እንግሊዝኛ ይበቃዋል።

ልኩን ማወቅ ለምን እንደሚያስፈልግ የሙያው ታሪክ ራሱ አሳይቶናል። በ2015 ሳይንስ መጽሔት ላይ ብዙ ተመራማሪዎች ተባብረው 100 የሳይኮሎጂ ጥናቶችን ደግመው የሠሩበት ሥራ ወጣ። ከመጀመሪያዎቹ ጥናቶች 97 በመቶው ሲግኒፊካንት፣ ማለትም በአጋጣሚ ብቻ የመጣ የማይመስል፣ ውጤት አለን ያሉ ነበሩ፤ ሲደገሙ ግን እንዲያ ያሉት 36 በመቶ ብቻ ናቸው። «ሜይ» (ሊሆን ይችላል) እና «ሰጀስት» (ይጠቁማል) የሚሉትን ቃላት ለጌጥ የገቡ አድርጋችሁ የምትዘሏቸው ከሆነ ይህን አስቡ። ሲግኒፊካንት ስላልኩ ደግሞ፦ ሲግኒፊካንት መሆኑ የሚታይበት ቁጥር፣ ፒ ቫልዩው፣ ከ0.05 አነሰ ማለት ነገሩ ትልቅ ነው ወይም ጠቃሚ ነው ማለት አይደለም። ትልቅነቱን የሚነግራችሁ ኢፌክት ሳይዙ ነው። እዚህ ላይ አልቆይም፣ የስታትስቲክስ መምህራችሁ ደጋግሞ ነግሯችኋል።

ወደ መጻፉ ልሂድ። ዘ ሪሰርቸር፣ ዘ ሪሰርቸር፣ ዘ ሪሰርቸር። የሰው ቴሲስ በከፈትኩ ቁጥር ይህ «አጥኚው» የሚባል ሰው ይቀበለኛል። ማን ነው እሱ? አንተ አይደለህም እንዴ? በ2019 የወጣው ሰባተኛው የኤፒኤ (የአሜሪካ ሳይኮሎጂ ማኅበር) የአጻጻፍ መመሪያ ስለ ራሳችሁ ሥራ ስትጽፉ «አይ» (እኔ) ወይም ከአንድ በላይ ከሆናችሁ «ዊ» (እኛ) በሉ ይላል። አድቫይዘራችሁ ወይም ዲፓርትመንቱ የድሮውን ካልፈለገ በቀር በእሱ ሂዱ። ዓረፍተ ነገራችሁ በአንድ ጊዜ ያጥራል፣ ማን ምን እንዳደረገም ይታወቃል። ሜተድና ሪዘልት ባለፈ ጊዜ ይጻፋሉ፣ መደምደሚያችሁ በአሁን ጊዜ ሊሆን ይችላል። ይህቺን ብቻ ብታስተካክሉ የአድቫይዘራችሁ ቀይ እስክሪፕቶ በግማሽ ይቆጥባል።

ቃላትን በተመለከተ አቬሪል ኮክስሄድ በ2000 ያወጣችው የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር አለ፤ 570 የቃል ቤተሰቦች። ኢንተርኔት ላይ በቀላሉ ይገኛል፣ ጥሩ ነው። እኔ ግን ዝርዝር ሸምድዶ ሰው የሆነ ተማሪ እምብዛም አላየሁም። ይልቅ በራሳችሁ ርዕስ ላይ የተጻፉ ጥቂት ወረቀቶች ምረጡና ደጋግማችሁ አንብቡ። ስለ ፈተና ጭንቀት ከሆነ ስለ ፈተና ጭንቀት ብቻ። ሦስተኛው ላይ ስትደርሱ ቃላቱ እየተመላለሱ መሆኑ ይገባችኋል። ደብተር ያዙና የዓረፍተ ነገሩን አጥንት ገልብጡ፤ የጥናቱን ዓላማ በምን አባባል ጀመሩት፣ ከቀድሞ ጥናት ጋር ሲለያዩ በምን አባባል ተናገሩት። ሐሳቡን ከገለበጣችሁ ሌብነት ነው። አጥንቱ ግን የማንም አይደለም።

አሁን ከልቤ የምወደው ጉዳይ ላይ ደረስኩ። ወሎ ውስጥ ስትሠሩ መጠይቁ ከእንግሊዝኛ መጥቶ አማርኛ ይሆናል፣ መልሱ ከአማርኛ ተነስቶ እንግሊዝኛ ይሆናል። ፒኤችኪው ናይን የሚባለውን ዘጠኝ ጥያቄ ያለው የድብርት መለኪያ ታውቁታላችሁ፤ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ምን ተሰማዎት ብሎ ይጠይቃል። አንዲት እናት ጋ ቁጭ ብላችሁ ስትጠይቁ በቁጥር አይመልሱላችሁም። «ልጄ፣ ሐሳብ ገደለኝ» ይላሉ። «ሆዴን ባር ባር ይለዋል» ይላሉ። ከሚሴና ባቲ በኩል ደግሞ መልሱ በኦሮምኛ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ቃሉ እናንተ ጋ እስኪደርስ ሁለት ቋንቋ ያቋርጣል። ከዚያ ቴሲሱን ሳነብ ያ ሁሉ ጠፍቶ «ዲፕረስድ» የምትል አንዲት ቃል ቆማ አገኛለሁ። ያናድዳል።

እባካችሁ የሴትዮዋን ቃል አትጣሉት። ኢንተርቪው ከሆነ አማርኛውን እንደተነገረው ጻፉት፣ ከጎኑ እንግሊዝኛውን አስቀምጡ። መጠይቅ ከሆነ ማን እንደተረጎመው፣ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞት እንደሆነ፣ የኦሮምኛ ተናጋሪዎችን ማን እንዳናገራቸው ሜተድ ላይ በግልጽ አስፍሩ። ይህ የድክመት ኑዛዜ አይደለም። ጆሴፍ ሄንሪክ የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ2010 ባወጡት ጽሑፍ፣ ሳይኮሎጂ ስለ ሰው ልጅ የሚናገረው በአብዛኛው ከምዕራቡ ዓለም ጥቂት ሰዎችን፣ ያውም ተማሪዎችን እያየ ነው ብለው ሙያውን ወቅሰዋል። ከላይ ያየናቸው 150ዎቹም የአሜሪካ ተማሪዎች ናቸው። ሐይቅ አካባቢ ያለች እናት ጭንቀቷን እንዴት እንደምትናገር የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ማቅረቡ ላይ ትንሽ ልበል። መጀመሪያ በአማርኛ አቅርቡት፣ ሳይኮሎጂ ላልተማረ ሰው። ቤት ውስጥ ቡና ተፈልቶ፣ ዱአው ካለቀ በኋላ ለእናታችሁ ወይም ለእህታችሁ ንገሯቸው። «እና ምን አገኛችሁ?» ካሉ ገና አልገባችሁም፣ ተመለሱና ሥሩት። ገብቷቸው መከራከር ከጀመሩ እንግሊዝኛውን መሥራት ትችላላችሁ። አክሰንታችሁን ተዉት፣ «እስተዲ» ብትሉም ሰው ይገባዋል። ቁጥር ላይ ግን ተጠንቀቁ። «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ» ከእኛ አፍ ሲወጡ ይመሳሰላሉ፤ 15 በመቶ ስትሉ 50 በመቶ የሰማ ሰው የሚቀጥለውን ሁሉ በተሳሳተ ጆሮ ነው የሚሰማው። ዋና ዋና ቁጥሮችን ስላይዱ ላይ በትልቁ ጻፉና እያያችሁ ሳይሆን እያሳያችሁ ተናገሩ።

ከሁሉም የሚፈራው ጥያቄው ነው፣ አውቃለሁ። ሙድ ይይዙብኛል ብላችሁ ዝም ትላላችሁ። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ? ዲግሪም ይቀራል። ጥያቄው ካልገባችሁ እንዲደገም ጠይቁ። ከዚያ በራሳችሁ ቃል መልሳችሁ «እየጠየቁኝ ያሉት ይህንን ነው?» በሉ፤ ጊዜም ታገኛላችሁ፣ ጠያቂውም ብዙ ጊዜ ራሱ ጥያቄውን ያቀልላችኋል። አንዲት ዓረፍተ ነገር ደግሞ በቃላችሁ ያዙልኝ፦ «አወር ዳታ ካናት አንሰር ዛት።» ዳታችን ይህንን ሊመልስ አይችልም። ተንተባትቦም ቢሆን ይህቺን በቦታዋ የሚል ተማሪ ፊት ብዙ ኤግዛማይነር ይለሰልሳል፣ እኔንም ጨምሮ።

ወረቀት ከየት እናምጣ ለምትሉ፣ ጉግል ስኮላርና ፐብሜድ የሚባሉ የጥናት ጽሑፍ መፈለጊያዎች አሉላችሁ። ካልተከፈለ የማይነበበውን፣ የተቆለፈውን ለማግኘት የዓለም ጤና ድርጅት በ2002 ከአሳታሚዎች ጋር የጀመረው ሂናሪ አለ፣ ለኢትዮጵያ ተቋማት በነፃ ነው፣ ላይብረሪ ሄዳችሁ የይለፍ ቃሉን ጠይቁ። ዋይፋይ ባገኛችሁ ጊዜ አውርዳችሁ አስቀምጡ፣ መብራት ሲጠፋ ስልካችሁ ላይ ታነባላችሁ። ቻትጂፒቲ ከባድ ዓረፍተ ነገር ሲያፍታታ ደህና ነው፤ ማጣቀሻ ስጠኝ ስትሉት ግን የሌለ ወረቀት ከነደራሲው ፈጥሮ ሊሰጣችሁ ስለሚችል አትመኑት።

ያም ካልሆነ ለጸሐፊው ለራሱ ኢሜይል ላኩ። አድራሻው ብዙውን ጊዜ አብስትራክቱ ሥር አለ። ማን እንደሆናችሁ፣ የትኛውን ወረቀት እንደፈለጋችሁና ለምን እንደፈለጋችሁት በሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር ጻፉ፣ ውዳሴውን ተዉት። ከቻላችሁ ስለ ሜተዱ ያልገባችሁን አንድ ጥያቄ ጨምሩበት፤ በጥንቃቄ መነበቡን ያየ ሰው ወረቀቱን ብቻ ልኮ ዝም አይልም።