«ጀነራልስ 2 መቼ ነው የሚወጣው?» እና ሌሎች የወሎ ልጆች ጥያቄዎች

ስለ ስትራቴጂ ጌም፣ ማለትም ቤዝ (የጦር ሰፈር) ሠርተህ ጦር ስለምታዝበት የኮምፒውተር ጨዋታ፣ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከወልዲያ ጥያቄው ጎረፈ። የማታውቁኝ ካላችሁ፣ ደሴ ፒያሳ ኮምፒውተር እየጠገንኩ ነው የምውለው። ማታ ማታ ደግሞ የሱቁን ኮምፒውተሮች በኬብል አያይዘን እንፋለማለን። የምመልሰውም ከዚያው ነው። ስለ ፊፋ የጠየቃችሁ ልጆች ሌላ ሰው ጠይቁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

ብሮ፣ ጀነራልስ 2 መቼ ነው የሚወጣው? ቲክቶክ ላይ ማስታወቂያውን አይቼዋለሁ። (ከኮምቦልቻ)

አይወጣም ወንድሜ። ያየኸው ቪዲዮ የድሮ ነው፤ በየጊዜው እንደ አዲስ ይለጥፉታል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ጀነራልስ በ2003 ወጣ። ጭማሪው ዜሮ አወርም በዚያው ዓመት ተከተለ። ሁለተኛው በ2011 መጨረሻ ላይ ታወጀ፤ ሰውም በደስታ ሰከረ። በ2012 ግን ሐሳባቸውን ቀየሩ። በተከታታዩ ስም «ኮማንድ ኤንድ ኮንከር» ብቻ ተባለና በነፃ አውርደህ፣ ውስጥ ለውስጥ እየከፈልክ የምትጫወተው የኦንላይን ጌም ሊሆን ነው ተባለ። ኦክቶበር 2013 ላይ የጌሙ ባለቤት ኤሌክትሮኒክ አርትስ ጭራሽ ሰረዘው፤ ይሠራው የነበረውን ስቱዲዮም ዘጋው። በቃ፣ እዚያ ላይ አበቃ።

ደስ የሚለው ወሬ ሌላ ነው። ፌብሩዋሪ 2025 ላይ ኩባንያው የጀነራልስንና የዜሮ አወርን ኮድ ለሁሉም ክፍት አደረገው። ኮድ የሚችል ሰው ገብቶ ሊያስተካክለው ይችላል ማለት ነው። እየተካከለም ነው። ዜሮ አወር የተጫወተ ሰው ያቺን መልዕክት ያውቃታል። ልታሸንፍ አንድ ህንፃ ሲቀርህ «ሲሪየስ ኤረር አጋጥሞሃል» ብላ ወደ ዴስክቶፕ ታባርርሃለች። ላን ላይ (በኬብል ተያይዘን ስንጫወት) ደግሞ «ሚስማች» የምትባል አለች፤ አምስት ሰው የተጫወተበትን ሰዓት በአንዴ ገደል ትከተዋለች። አሁን ሰዎች ተቀምጠው እነዚህን ነው የሚጠግኑት። ለእኔ ይሄ ካልተወለደው ጀነራልስ 2 ይበልጣል። ተከታይ ክፍል አምጡልኝ ብዬ የምጮኸው የያዝኩት ሲሰለቸኝ ነው፤ ዜሮ አወር ደግሞ ገና አልሰለቸኝም።

ዜሮ አወር ላይ ለጀማሪ ማን ይሻላል? (ከሐይቅ)

ከሦስቱ ወገኖች፣ ከአሜሪካ፣ ከቻይናና ከጂኤልኤ፣ ቻይና። ታንኩ ወፍራም ነው፣ ስህተት ይችላል። ጨዋታው ሲረዝም ሀከሮች ታሰለጥናለህ፤ እዚያው ቁጭ ብለው ከኢንተርኔት ብር ይለቅማሉ። አሜሪካ ሁሉ ነገሩ ጥሩ ነው፣ ግን ውድ ነው፤ ያለ ዕቅድ ከገባህበት ትከስራለህ።

ጂኤልኤ፣ አማፂው ቡድን፣ ለለመደ ሰው ነው። በዋሻ ከአንዱ ጥግ ገብተህ በሌላው ትወጣለህ፣ ህንፃህ ፈርሶም ከጉድጓዱ ራሱን ይሠራል። ከሁሉ በላይ ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር አይፈልግም። አሜሪካና ቻይና ኃይል ማመንጫቸው ከተመታ መከላከያቸው ይተኛል። ጂኤልኤን መብራት ጠፋ አልጠፋ አይገደውም። የእኛ ሰፈር ልጆች ለምን እሱን እንደሚወዱት አሁን ገባችሁ?

ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ፣ ስታርክራፍት፣ ዋርክራፍት 3፣ ጀነራልስ፤ የቱ ይበልጣል? እውነቱን ንገረን፣ በናትህ። (ብዙ ሰው ጠይቋል)

አብሽሩ፣ እናገራለሁ። ግን መጀመሪያ እያንዳንዱ ምን እንደሚጠይቅህ እንይ።

ጀነራልስ አንድ ሀብት ብቻ ነው ያለው፤ ብር። ቶሎ ቤዝ ትሠራለህ፣ ቶሎ ትዋጋለህ። አስር ደቂቃ ሳይሞላ አንዱ ሊያለቅስ ይችላል።

ኤጅ 2 (1999) ምግብ፣ እንጨት፣ ወርቅና ድንጋይ አለው። ጦርነቱ የሚለየው በኢኮኖሚ ነው። በግ አርደህ፣ እርሻ አርሰህ፣ ገበያ ከፍተህ ነው ወደ ጦር የምትሄደው። ገጠር ያደገ ሰው ቶሎ ይገባዋል፤ በቀልድ አይደለም።

ስታርክራፍት (1998) ሦስት ዘሮች አሉት፤ ቴራን፣ ዘርግ፣ ፕሮቶስ። ሦስቱን አንድ የሚያደርጋቸው ነገር የለም ብትሉ ይቀላል። እንዲያም ሆኖ ሚዛኑ አይዛነፍም። ኮሪያ ውስጥ በቴሌቪዥን የሚተላለፍ ሊግ እስኪኖረው የደረሰው በዚህ ነው። ችግሩ ጨካኝ ነው። ዓይንህን ለአፍታ ከቤዝህ ካነሳህ አለቀልህ።

ዋርክራፍት 3 (2002) ደግሞ ጀግና ይሰጥሃል። ጀግናው ደረጃ እያደገ፣ ዕቃ እየሰበሰበ ይሄዳል። ጦርህ ሲበዛ ግብር ይጨምርብሃል፣ ስለዚህ ትንሽ ጦር ይዘህ በብልሃት ትዋጋለህ። ዶታ የሚባለው ጌም የተወለደው ከዚህ ውስጥ ነው።

የእኔ ፍርድ፦ ለሥራ ብቃት ስታርክራፍት፣ ለላን ማታ ጀነራልስ፣ ዕድሜ ልክ አንድ ብቻ ያዝ ብትሉኝ ኤጅ 2። ኤጅ 2 ከሃያ ዓመት በኋላ በ2019 በአዲስ መልክ ወጥቶ ዛሬም ጭማሪ ይሠራለታል። ተከታይ ሳይፈልግ ራሱን የተካ ጌም ነው።

ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ላይ ኢትዮጵያ አለች ይባላል። እውነት ነው እንዴ? እኔ ያለኝ ላይ የለችም። (ከተንታ)

እውነት ነው። አንተ ጋ ያለው በፍላሽ የሚዞረው የ1999ኙ ኮፒ ስለሆነ ነው። ኢትዮጵያ ሁለተኛው ላይ የገባችው በ2015፣ «አፍሪካን ኪንግደምስ» በተባለው ጭማሪ ነው። ሰዎቹን ስትጫናቸው በአማርኛ ይመልሱልሃል። መጀመሪያ ስሰማ ኮምፒውተሩ ላይ ሌላ ቪዲዮ የተከፈተ መስሎኝ ነበር።

አጨዋወቷ የቀስተኛ ነው። ቀስተኞቿ ከሌላው 18 በመቶ ፈጥነው ይተኩሳሉ። አንድ ዘመን በተሻገርክ ቁጥር 100 ምግብና 100 ወርቅ በነፃ ታገኛለህ። ይህቺ 100 ወርቅ ትንሽ እንዳትመስልህ፤ የመጀመሪያዎቹ ቀስተኞችህ ከጎረቤትህ ቀድመው የሚወጡት በእሷ ነው። ሾተል የያዙ እግረኞችም አሉ፤ ይሮጣሉ፣ ክፉኛ ይቆርጣሉ፣ ግን ቀስት ካገኛቸው እንደ ቅጠል ይረግፋሉ። የዮዲት ካምፔይንም (ታሪክ እየተከተልክ ብቻህን የምትጫወተው) አለ፣ አምስት ሚሽን።

አሁን ለተንታ ልጅ የሚሆነውን ልንገርህ። በ2021 ሦስተኛው ኤጅ ላይም ኢትዮጵያ ገብታለች፤ እዚያ ከምታሰልጥናቸው መሣሪያዎች አንዱ ስሙ «ሴባስቶፖል ሞርታር» ነው። አዎ፣ ያው የአጼ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል። ጋፋት ተሠርቶ፣ በሰው ጉልበት ተጎትቶ መቅደላ የወጣው። ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ ተቀምጧል፤ አንተ በእግርህ ሄደህ ልታየው ትችላለህ። ጌሙ ላይ ግን በአንድ ክሊክ ይንቀሳቀሳል። ያንን ዳገት ያየ ሰው ይሄንን ሲያይ ይስቃል።

እጄ ቀርፋፋ ነው። ሁልጊዜ እሸነፋለሁ። ምን ላድርግ? (ከደሴ፣ ሆጤ)

እህቴ፣ እጅሽ አይደለም ችግሩ። ኤጅ 2 ላይ ታውን ሴንተሩ፣ ማለትም ሠራተኛ የሚወጣበት ዋናው ህንፃ፣ አንድ ሠራተኛ ለማውጣት 25 ሰከንድ ይፈጅበታል። ሥራ ፈትቶ በቆመ ቁጥር አንድ ሰው እያጣሽ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ እስከ መጨረሻው ይቆርጥ የነበረውን እንጨት አብሮ ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ፍጥነት አትለማመጂ። H ን ተጫኚ፣ ታውን ሴንተሩ ይመረጣል፤ ወረፋው ላይ ሰው ጨምሪ። ኪቦርዱ ላይ የነጥብ (.) ቁልፏን ተጫኚ፣ ሥራ የፈታው ሰው ይመጣል፤ ሥራ ስጪው። የመጀመሪያዎቹን ስድስት በግ ላይ፣ ቀጣዮቹን አራት እንጨት ላይ አድርጊ። ከዚያ አንዱን ልከሽ ከርከሮ አስወጊና እየሮጠ ወደ ቤት ያምጣው። ሲሮጥ ዞር ብሎ እንዳይቆም ተከታተይው፣ አለበለዚያ ቀባሪ ትሆኛለሽ። በዚህ ብቻ የሱቁን ግማሽ ልጆች ታሸንፊያለሽ፤ ስማቸውን ግን አልጠራም።

ልጄ የሚጫወትበት ያገለገለ ላፕቶፕ ልገዛለት አስቤያለሁ። ባለ 4 ጊጋ ይበቃዋል? (አንድ አባት፣ ከወልዲያ)

ጋሼ፣ ለድሮዎቹ፣ ለጀነራልስና ለመጀመሪያው ኤጅ 2፣ ከበቂ በላይ ነው። አራተኛውን ኤጅ ልጫወት ካለዎት ግን 8 ጊጋ ራምና 50 ጊጋ ባዶ ቦታ ይጠይቃል። ባለ 8 ጊጋውን ቢገዙለት ለትምህርቱም አይቆጭዎትም። ከመክፈልዎ በፊት ግን ቻርጀሩን ነቅለው ባትሪው ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ይዩ።

የዶላር ካርድ የለኝም። በነፃ ምን አለ? (ከመርሳ)

ስታርክራፍት 2፤ ከ2017 ጀምሮ የመጀመሪያው ካምፔይንና የኦንላይኑ ጨዋታ ነፃ ነው። ኤጅን ለሚወድ ዜሮ ኤዲ፣ የድሮዎቹን ሬድ አለርት ለሚወድ ኦፕን አርኤ። ትልልቅ ጦርነት ለሚወድ ቢዮንድ ኦል ሪዝን፤ እሱ ግን ደህና ኮምፒውተር ይፈልጋል።

ታዲያ ተስፋ የሚጣልበት ተከታይ ምንም የለም? (ከኮምቦልቻ፣ ያው የመጀመሪያው ልጅ)

አንተ ደግሞ አትተውም! አለ እሺ። ዶውን ኦፍ ዋር 4። ኦገስት 2025 ላይ ታወጀ፣ ለ2026 ነው የተባለው። የሚሠራው ኪንግ አርት የሚባል የጀርመን ስቱዲዮ ነው፤ ከዚህ በፊት አይረን ሃርቨስትን የሠሩት።

ግን የተከታይ ክፍል ታሪክ አያኮራም። የዶውን ኦፍ ዋር ሁለተኛው ቤዝ መሥራትን አጠፋ። ሦስተኛው መለሰው፣ ግን በግዙፍ ጀግኖች ዙሪያ አሽከረከረውና የድሮ ሰዎቹ ሸሹት። የኮማንድ ኤንድ ኮንከር አራተኛው (2010) ከዚህም ይብሳል። ሀብት መሰብሰብን አስቀረ፣ ብቻህን ካምፔይን ስትጫወት እንኳን ኢንተርኔት ካልተያያዝክ አልከፍትም አለ። ደሴ ቁጭ ብለህ አስበው እንግዲህ፤ ኔት ሲቆረጥ ጦርህም ይቆማል።

ስለዚህ እኔ ፊልሙን አላይም። ቤዝ ይሠራል ወይ፣ ያለ ኔት ከኮምፒውተር ጋር ያጫውታል ወይ፣ ይሄን ነው የምጠይቀው። ሁለቱንም አዎ ካሉኝ እገዛለሁ፤ ያውም ከወጣ በኋላ፣ ሰው ተጫውቶት ሲያማ ሰምቼ።

ለእናቴ ጌም አእምሮ ያሰላል ብለህ ጻፍልኝ። (ስም አልጻፈም)

አልጽፍም። እናትህ ታውቀኛለች።

ቅዳሜ ላኑ አለ? (ከደሴ)

መብራት ካለ አለ። ዜሮ አወር ነው፣ ሱፐር ዌፐን (ኒውክሌርና መሰሉ ከባድ መሣሪያ) የለም። ማውስ ያለው ይዞ ይምጣ፤ የሱቁ ሁለቱ ቀኝ ቁልፋቸው ሞቷል።