ቴስታታው ሳይፈታ

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። መኪናዬ 1.5 ሊትር ቤንዚን፣ ባለ ቱርቦ ነው። ከወኪሉ አዲስ ከገዛሁት ሁለት ዓመት አልሞላውም፤ 41 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዷል። የሞተሩ ዋስትና 3 ዓመት ወይም 100 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው። ከአንድ ወር ወዲህ ወደ ሐረር ስወጣ ደንገጎ ዳገት ላይ ይሞቃል። በየሳምንቱ አንድ ሊትር ያህል ውሃ እጨምራለሁ፤ መሬት ላይ ግን አንድም ጠብታ የለም። እዚህ ያለው የወኪሉ ተባባሪ ጋራዥ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ አየና «የቧንቧ ውሃ ገብቶበታል፣ ዋስትናው አይሸፍነውም» አለኝ። የሰፈሬ መካኒክ ደግሞ ቴስታታውን፣ የሞተሩን የላይኛውን ክፍል፣ ላውርደው ይላል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ አቦ፣ መጀመሪያ መካኒክህ ቁልፉን ያስቀምጥ። ሥራውን አያውቅም ማለቴ አይደለም። ግን ቴስታታው ወኪሉ በሌለበት ከወረደ፣ ማስረጃህ አብሮ ወረደ። ነገ «ማን እንደፈታው አናውቅም» ይሉሃል፤ ያን ጊዜ መልስ የለህም። መኪናውም ከዛሬ ጀምሮ ደንገጎን አይውጣ። እየሞቀ መነዳቱን ከቀጠለ ባለቤቱ እያወቀ አበላሸው ለማለት ራስህ ምክንያት ትሰጣቸዋለህ።

ክርክሩ ሁሉ የሚያርፈው አንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ የቱ ቀደመ? የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ቀድሞ ተበልቶ ውሃው ጎደለና ሞተሩ ሞቀ? ወይስ ሞተሩ በሌላ ምክንያት ሞቆ ጓርኒሲዮኑን በላው? የመጀመሪያው ከሆነ የፋብሪካ ጉድለት ነው፤ ይሸፈናል። ሁለተኛው ከሆነ ደግሞ ያሞቀው ምንድን ነው ተብሎ ይጠየቃል። የውሃ ፖምፓው፣ ቴርሞስታቱ (እንደ ሙቀቱ የውሃውን መንገድ የሚከፍተው) ወይም ፋኑ ከሆነ፣ የዋስትና ደብተርህ እነዚህን ካላስቀረ አሁንም የእነሱ ነው። ውሃ ሳይኖረው ወይም ቀዩ የሙቀት መብራት በርቶ ተነድቶ ከሆነ ያንተ ነው። «የቧንቧ ውሃ አየን» ማለት ከሁለቱ አንዱንም አይመልስም፤ ውሃው መቼ እንደገባ አይናገርምና።

መቼ እንደገባ ግን መለካት ይቻላል። ሌላ ውሃ ከመጨመርህ በፊት፣ ጠዋት ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ሳለ፣ በትልቅ መርፌና በቀጭን ጎማ ከራዲያተሩ አንድ ሊትር ቅዳና በሁለት ንጹሕ ጠርሙስ እኩል ክፈለው። ክዳኑ ላይ ፕላስተር ለጥፈህ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን ጻፍበት፤ ጋራዡም አንተም ፈርሙበት። አንዱ እነሱ ጋ፣ አንዱ አንተ ጋ ይቀመጥ። ከዚያ በሪፍራክቶሜትር ይለካ። ይህ የባትሪ አሲድም የሚለካበት፣ በዓይን የሚታይበት ትንሽ መሣሪያ ነው፤ ሁለት ጠብታ ይበቃዋል።

ንባቡን እንዲህ ተረዳው። ብዙውን ጊዜ ከፋብሪካ የሚሞላው ግማሽ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ግማሽ ውሃ ነው፤ መሣሪያው ፈሳሹ በረዶ የሚሆንበትን ሙቀት ከዜሮ በታች 37 ዲግሪ አካባቢ ብሎ ያሳያል። ሲስተሙ 7 ሊትር ይይዛል እንበል። አንድ ሊትር ጎድሎ በውሃ ሲተካ ከኩላንቱ ሰባት እጅ አንዱ ይሄዳል። ይህ አራት ጊዜ ቢደገም ከ50 በመቶው ወደ 27 በመቶ ይቀራል፤ ንባቡም ከዜሮ በታች 12 እስከ 14 ይሆናል። ያንተ በዚህ አካባቢ ከወጣ፣ ኩላንቱ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በቦታው ነበር፣ ውሃውም የተጨመረው መጉደል ከጀመረ በኋላ ነው ማለት ነው። ዜሮ አጠገብ ከሆነ ግን መኪናው ለረጅም ጊዜ በውሃ ብቻ ሲሄድ ኖሯል፤ የእነሱ ቃል ሚዛን ይደፋል። የድሬን ውሃ ማንቆርቆሪያህ ውስጥ ታውቀዋለህ። ያ ነጭ ቅርፊት በጭስ ማውጫ ቫልቮቹ ዙሪያ፣ ሞተሩ በጣም በሚሞቅበት ቦታ፣ ብረቱ ላይ ይጋገራል፤ ሙቀት እንዳይወጣም ያግዳል። ይህ ግን የወራት ሥራ እንጂ የአራት ሊትር ሥራ አይደለም።

አሁን ጓርኒሲዮኑ በእርግጥ ተበልቶ እንደሆነ፣ ቴስታታው ሳይፈታ እንየው።

ቀዝቃዛውን ሞተር አስነሳና የራዲያተሩን የላይኛውን ጎማ ጨብጠው። በአንድ ደቂቃ ውስጥ፣ ውሃው ገና ሳይሞቅ ጎማው ድንጋይ ከሆነ፣ የሲሊንደር ግፊት ወደ ውሃው እየገባ ነው። ማረጋገጫው የጋዝ መፈተሻው ነው። በራዲያተሩ አፍ ላይ የሚቀመጥ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበት ቱቦ ሲሆን፣ የቃጠሎ ጋዝ ሲያገኝ ቤንዚን መኪና ላይ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ውሃው ወደ ቱቦው እንዳይሳብ ከራዲያተሩ ጥቂት ይቀንስ፤ አለዚያ ፈተናው ይበላሻል። ቀለሙ ሲቀየር ቪዲዮ ቅረጽ፤ በዚያው ቪዲዮ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውም ይታይ።

ቀጥሎ ካንዴላዎቹ (ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥሉት) ይውጡና በተራቸው ይደርደሩ። ሦስቱ ቡናማ ሆነው አንዱ ታጥቦ የወጣ ያህል ነጭ ከሆነ፣ ውሃውን የሚጠጣው ያ ሲሊንደር ነው። ጠዋት ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ የሚንገጫገጭና ነጭ ጭስ የሚያወጣ ከሆነም መዝግብ። በብርድ አገር ነጭ ጭስ ብዙም ማስረጃ አይሆንም፤ በድሬ ጠዋት ግን ተራ እንፋሎት ወዲያው ስለሚጠፋ፣ የሚቆይ ነጭ ጭስ ይናገራል። የዘይት መለኪያው ላይ ማኪያቶ የመሰለ ነገር ካየህ ሞተሩን አጥፋ፣ ድጋሚም አታስነሳው።

መሬት ላይ ጠብታ የለም ማለት ውጭ አይፈስም ማለት አይደለም። ሙቅ ብረት ላይ የሚያንጠባጥብ ውሃ መሬት ሳይደርስ ይተናል። ስለዚህ ሲስተሙ በእጅ ፖምፕ የራዲያተሩ ክዳን ላይ እስከተጻፈው ግፊት፣ አብዛኛውን ጊዜ 1.1 ባር፣ ይነፋና 15 ደቂቃ ይቆይ። ግፊቱ ከወረደ የውሃ ፖምፓው ሥር ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ፣ የቱርቦውን የውሃ መስመርና ጋቢናው ውስጥ የምንጣፉን ሥር እዩ፤ የማሞቂያው ራዲያተር ሲያፈስ እርጥበቱ የሚታየው እዚያ ነው።

የራዲያተሩን ክዳን ለብቻው አስፈትነው። በዚህ አገር አቀማመጥ ከምንም ትንሽ ዕቃ በላይ የሚገድለው እሱ ነው። ድሬ 1200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ የደንገጎ አናት ከ2000 ሜትር ያልፋል። እዚያ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የብዙ መኪና ፋን ግን የሚነሳው ወደ 95 ሲጠጋ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ደህና ክዳን ግፊቱን ስለሚይዝ ንጹሕ ውሃ እንኳ እስከ 118 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ኩላንት ሲኖርበት ደግሞ ከዚያም ያልፋል። ጎማው የደረቀ ክዳን ግን ግፊት አይይዝም። ፋኑ ሳይነሳ ውሃው ይፈላል፣ በትርፍ ማሰሮው በኩል ይወጣል፤ ድሬ ሲመለስ ደግሞ ምንም ያልሆነ ይመስላል። ችግሩ ክዳኑ ብቻ ሆኖ ከተገኘና የጋዙ ፈተና ሰማያዊ ሆኖ ከቀረ፣ ደብዳቤም ክርክርም ሳያስፈልግ ተገላገልክ።

ኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ ተጠንቀቅ። ሞተሩ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ብዙ መኪኖች ፒ 0217 የሚል ኮድ ይመዘግባሉ፤ ከኮዱ ጋርም በዚያች ቅጽበት የነበረውን የውሃ ሙቀት፣ ፍጥነትና የሞተር ዙር ያስቀምጣሉ። ይህ ያንተም የእነሱም ምስክር ነው። ማንም «ላጥፋልህ» ብሎ ኮዱን እንዳያጠፋ፣ ባትሪውንም እንዳይነቅል። መጀመሪያ ስካን ተደርጎ ይታተም። ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው የሚልህም አይጠፋም። እሱን ከሰማህ መኪናው ሙቀቱን መጠበቅ ያቅተዋል፣ ፒ 0128 የሚባል ሌላ ኮድ ይመጣል፣ ወኪሉም «ሲስተሙ ተነካክቷል» ለማለት በቂ ምክንያት ያገኛል። እንቁላል ወይም የማድፈኛ ዱቄት ከተጨመረበትማ አልከራከርልህም።

ፈተናዎቹ ካለቁ በኋላ ለወኪሉ በጽሑፍ አመልክት፤ በስልክ የተባለ ነገር አልተባለም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢ ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት፤ ስለዚህ ቀኑ ያለበት ቅጂ ላይ ተቀብለናል የሚል ፊርማና ማኅተም አስደርግ። ደብዳቤው አጭር ይሁን፦ የሻንሲ ቁጥር፣ ኪሎ ሜትር፣ መጉደል የጀመረበት ቀን፣ የፈተናዎቹ ውጤት፣ የሰርቪስ ደረሰኞች ቅጂ። ከዚያ ሦስት ነገር ጠይቃቸው። የተበላሸው ክፍል የትኛው ነው? ምክንያቱ ምንድን ነው፣ በምንስ ታወቀ? የትኛው የዋስትና ደብተሩ አንቀጽ ነው የሚያስቀረው? ሦስቱንም በጽሑፍ መመለስ የሚፈልግ ጋራዥ ቢያንስ ሞተሩን ማየት ይኖርበታል። እምቢ ካሉ ደብዳቤውን ይዘህ ንግድ ቢሮ ትሄዳለህ፤ የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ ቁጥር 813/2006 ነው። ወደ አዲስ አበባ አምጣው ካሉህ ተጭኖ ይሂድ እንጂ ራሱ አይነዳ፤ የመጫኛውን ደረሰኝም ያዝ።

ቴስታታው ሲወርድ እዚያው ቁም፤ ካልቻልክ የምታምነውን መካኒክ ላክ። የቱ ቀደመ የሚለው የሚለየው ያኔ ነው። ቀጥ ያለው የብረት ማስመሪያ ቴስታታው ላይ በርዝመት፣ በወርድና በሁለቱ ሰያፍ ይጋደም፤ ከሥሩ 0.05 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መለኪያ ምላስ (ስስ ብረት) ይሞከር። ምላሱ ካልገባ ፊቱ ቀጥ ያለ ነው። ቀጥ ባለ ቴስታታ ላይ ጓርኒሲዮኑ በአንድ ነጥብ ብቻ ተበልቶ ከተገኘ፣ ሙቀት አይደለም የበላው፤ የብሎኑ ጥብቀት ወይም ራሱ ጓርኒሲዮኑ ነው። ቴስታታው ከተጣመመ ግን ሙቀት አግኝቶታል፤ ወደ ፖምፓውና ወደ ቴርሞስታቱ ይኬዳል። የፖምፓው ምላጭ ፕላስቲክ ከሆነ በእጅ ይያዝና ዘንጉ ይዙር፤ ዘንጉ እየዞረ ምላጩ ከቆመ ጥፋተኛው ተገኘ። ቴርሞስታቱ በክር ታስሮ ድስት ውስጥ ይንጠልጠል፣ ከጎኑም ቴርሞሜትር ይግባ፤ ከሰል ምድጃ ይበቃል። ላዩ ላይ 82 ተብሎ ከተጻፈ 82 አካባቢ መንቀሳቀስ ይጀምራል፤ 95 ላይ ወለል ብሎ ካልተከፈተ ሞቷል። የውሃ መሄጃ ቀዳዳዎቹም ፎቶ ይነሱ፤ ንጹሕ ብረት ከታየ የቧንቧ ውሃ ወሬው እዚያ ያበቃል።

ሁሉም ከሽፎ ከኪስህ ከሆነ፣ ሥራው የሚበላሸው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ብሎኖቹ ናቸው። የዚህ ዓይነት ሞተር ብሎኖች አብዛኞቹ አንዴ ሲጠብቁ የሚለጠጡ ናቸው፤ አዲስ ይገዙ፣ አሮጌዎቹ አይመለሱ። የብሎን ቀዳዳዎቹ በአየር ተነፍተው ይድረቁ፤ ውስጡ ውሃ ወይም ዘይት ከቀረ ብሎኑ ሲጠብቅ ብሎኩን ይሰነጥቃል። ከመሃል ወደ ዳር፣ በሞተሩ የጥገና መጽሐፍ ቅደም ተከተልና ዲግሪ ይጥበቁ። ሁለተኛው ፊቱን ማጽዳት ነው። በሚሽከረከር ብርጭቆ ወረቀት የተፋቀ አሉሚኒየም ይጎደጉዳል፣ ብናኙም ዘይት ውስጥ ገብቶ ብሮንዚኑን (የሞተሩ ዘንግ የሚዞርበትን ማረፊያ) ይበላል። ቶርኖ ቤት ከመላጨቱ በፊት ቴስታታው ስንጥቅ እንደሌለው በግፊት ይፈተን፤ ከመጽሐፉ ልክ በላይም አይላጭ።

ሲሞላ ቀለም አይታይም፤ ቀይም አረንጓዴም የፋብሪካ ምርጫ ነው፣ መለያው ጣሳው ላይ ያለው ደረጃ ነው። ከታጠበ በኋላ ብሎኩ ውስጥ ውሃ ስለሚቀር፣ 7 ሊትር ለሚይዝ ሲስተም በመጀመሪያ 3.5 ሊትር ያልተበረዘ ኩላንት ይግባ፤ ቀሪው በባትሪ ውሃ፣ ማለትም ማዕድን በሌለበት የተጣራ ውሃ ይሞላ። አሲዱን እንዳትገዛ ብቻ። የመኪናው አፍንጫ ወደ ዳገት ይቁም፣ ማሞቂያው ሙሉ ይከፈት፣ ፋኑ ሁለት ጊዜ ተነስቶ እስኪቆም ሞተሩ ይሥራ። በማግስቱ ጠዋት ቀዝቅዞ ሳለ ልኩ ይታይ፤ የጎደለው ይሞላና ጠርሙስ ላይ እንዳደረግከው ቀኑ ይጻፍ።