ከወለደች 3 ወር ሆኗት ደሟ ላልቆመው እህትሽ

አይዞሽ እህቴ። «ታናሽ እህቴ ከወለደች 3 ወር ሆናት፣ ደሟ አልቆመም፣ ኮሪዮካርሲኖማ ነው ተባልን፤ ጤነኛ ልጅ ወልዳ እንዴት ካንሰር ይሆናል? ትድናለች ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔን ያመመኝ ይኸው ነው። ዛሬ ልጄ 4 ዓመቱ ነው፣ እኔም ድኛለሁ።

በሽታው የሚነሳው ከእንግዴ ልጁ ሴሎች ነው። ብዙ ጊዜ የሚከተለው ሞላር የሚባለውን፣ እንግዴ ልጁ ያለ ልክ የሚያድግበትን ጤናማ ያልሆነ እርግዝና ነው፤ ከውርጃና ከጤነኛ ወሊድ በኋላም አልፎ አልፎ ይመጣል። ብርድ ስለመታት ወይም ቶሎ ስለተነሳች አይደለም። ይሄን ደጋግመሽ ንገሪያት። እኔ ራሴን ስወቅስ ነው የከረምኩት።

ልጄ በ40 ቀኑ ክርስትና ሲነሳ ደሜ ስላልቆመ ከደጅ ቀረሁ። ሁሉም «የአራስ ደም ነው» አለኝ። የሄድኩበት ክሊኒክም ኪኒን ሰጥቶ መለሰኝ። በ10ኛው ሳምንት ሳል ጨመረብኝ። ሌላ ሐኪም ጋ ስሄድ የሽንት ምርመራው እርጉዝ ነሽ አለ። ባለቤቴ ከወለድኩ ጀምሮ መስክ ላይ ነበር። የዚያን ቀን ድንጋጤዬን አንቺው ገምቺው። አልትራሳውንዱ ግን ጽንስ አላሳየም። ዕጢው ራሱ የእርግዝናውን ሆርሞን እንደሚያመነጭ ሐኪሟ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። በደም ሲለካ 8,400 ሆነ። ከወሊድ በኋላ በጥቂት ሳምንታት መጥፋት ነበረበት። ሳንባዬ ላይም 2 ነጠብጣብ ታየ።

ሳንባ ደርሷል ስባል አለቀልኝ ብዬ ነበር። ይሄ ካንሰር ግን ቢሰራጭም ለኬሞ፣ ማለት ለካንሰር መድኃኒት፣ እጅ ይሰጣል። አሜሪካ ውስጥ ሊ እና ኸርትዝ የተባሉ ሐኪሞች ሜቶትሬክሴት በተባለው የኬሞ መድኃኒት ማዳን የጀመሩት በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። ሐኪሞች በሽታው ለመድኃኒት ምን ያህል እንደሚያስቸግር ለመገመት ነጥብ ይሰጡታል። እስከ 6 ከሆነ አንድ መድኃኒት ይጀመራል፣ ከ7 ጀምሮ ብዙ መድኃኒት በአንድ ላይ ይሰጣል። የእህትሽን ነጥብ ጠይቂ።

የኔ 5 ነበር። በ1ኛው፣ በ3ኛው፣ በ5ኛውና በ7ኛው ቀን ሜቶትሬክሴት ተወጋሁ፤ በመሃሉ ባሉት ቀናት የመድኃኒቱን ጉዳት የሚቀንስ ፎሊኒክ አሲድ፣ ከዚያ እረፍት፣ ከዚያ እንደገና። አፌ ቆስሎ ምግብ አልወርድ አለኝ። ከሁሉም የከበደኝ ግን ጡት ማስጣሉ ነው። ልጄ ደረቴን ሲፈልግ እናቴ ይዛው ትወጣ ነበር። ሆርሞኑ ከጠፋ በኋላም 3 ዙር ጨመሩልኝ። ከዚያ አንድ ዓመት ክትትል፣ ከነእርግዝና መከላከያው። አዲስ እርግዝና ሆርሞኑን ከፍ ስለሚያደርገው በሽታው መመለሱን መለየት አይቻልም።

ማህፀኗ ይውጣ ካሏችሁ፣ ያለ ቀዶ ሕክምና በኬሞ ብቻ መታከም ትችል እንደሆነ ጠይቁ። ብዙዎች ማህፀናቸው ሳይነካ ድነው ወልደዋል። ብልቷ ውስጥ እብጠት ከታየ ናሙና ለመውሰድ እንዳይቆረጥ፤ በጣም ይደማል። ደም ካሳላት፣ ከባድ ራስ ምታት ከያዛት ወይም ደሙ ከበረታ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ውሰዷት። ሕፃኑንም አስመርምሩት፤ እጅግ አልፎ አልፎ ወደ ልጅ ይተላለፋል።

በየሳምንቱ የሚለካውን ቁጥር ደብተር ላይ ጻፊላት። እኔን ያቆመኝ ያ ደብተር ነው። የመጀመሪያውን ቁጥር ስታውቂ እዚሁ ጻፊልኝ፣ አብረን እናየዋለን።