«ኬጂ»ን ማን አመጣው?

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ቋንቋ ለመማር፣ ይልቁንም በትርጉም ሥራ እንጀራ ለመብላት ላሰባችሁት ነው።

ወጣት ሳለሁ አንድ ጀርመናዊ አለቃ ነበረኝ። ስለ ልጄ ስንጫወት «ኬጂ ገባች» አልኩት። «ኬጂ ደግሞ ምንድን ነው?» ሲለኝ «እንግሊዝኛ ነዋ» አልኩ፣ ኮራ ብዬ። ሰውዬው ከት ብሎ ሳቀብኝ። ለካ «ኬ» እና «ጂ» የ«ኪንደርጋርተን» ፊደሎች ናቸው! ኪንደር ልጆች፣ ጋርተን የአትክልት ቦታ። የጀርመንኛ ተርጓሚ ሆኜ፣ በየቀኑ አፌ ላይ ያለውን ቃል አንድ ቀን ፈትቼው አላውቅም ነበር።

ቃሉን ያወጣው ፍሪድሪሽ ፍሮቤል የሚባል ጀርመናዊ አስተማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1837 ቱሪንገን በሚባለው የጀርመን ክፍል ውስጥ፣ ባድ ብላንከንቡርግ በምትባል ትንሽ ከተማ ለሕፃናት ቤት ከፈተ። የመጀመሪያ ስሙ «የጨዋታና የሥራ ተቋም» ዓይነት፣ የቢሮ ማኅተም የሚመስል ነገር ነበር። «ኪንደርጋርተን» ያለው በ1840 ነው። ፍሮቤል በጉርምስናው ደን ጠባቂ ዘንድ ሙያ የተማረ ሰው ነው፤ ተክል ያውቃል። ልጆቹ እየኮተኮቱ የሚያሳድጉት የየራሳቸው መደብ ነበራቸው። እሱ ግን ልጆቹንም እንደ ተክል ነበር የሚያያቸው። እንግዲህ ቦታው የልጆች ነው ወይስ ልጆች የሚበቅሉበት? ጀርመንኛ ሁለት ስም ሲያጣብቅ በመካከል ያለውን ዝምድና አይነግራችሁም። መዝገበ ቃላትም እዚህ ላይ ጥሏችሁ ይሄዳል። ያኔ ቃሉን ያጣበቀውን ሰው፣ ሙያውንና ዘመኑን ጠይቁ።

ያኔ ትልቋ የጀርመን መንግሥት የነበረችው ፕሩሲያ በ1851 ይህንን ጨዋ ተቋም አገደችው። ሹማምንቱ ያልወደዷቸውን የፍሮቤልን የወንድም ልጅ የካርልን ጽሑፎች የሱ አድርገው አምታተውበት ነው። ፍሮቤል በዓመቱ ሞተ፤ እገዳው በ1860 ሲነሳ አላየም።

እኛ «አጸደ ሕፃናት» እንላለን አይደል? አጸድ የታጠረ ቦታ ነው፤ «አጸደ ወይን» እንደምንለው። ጋርተንም በጥንት ሥሩ አጥር ያለው ግቢ ነው። ይህን ሳስተውል ጸጉሬ ሸብቶ ነበር። ጀርመኖቹ ራሳቸው ዛሬ ብዙውን ጊዜ «ኪታ» ይላሉ፤ ልጆች የሚውሉበት ቦታ ከሚል ረጅም ቃል የተቆረጠ ነው። ይሄኛው ደግሞ «መዋዕለ ሕፃናት»ን ቁጭ! መዋዕልና «ዋለ» ሥራቸው አንድ ነውና።

የልጅ ልጄ ዘንድሮ ትምህርት ጀምራለች። «ስንተኛ ነሽ?» ስላት «ኬጂ ዋን» አለችኝ። ገና አልነገርኳትም።