ለዲስክ ሕመም መድኃኒት መደራረብ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። የወገብ ዲስክህ ተንሸራቷል፣ ሕመሙም እግርህ ድረስ ይወርዳል። ጠዋት አይቡፕሮፌን፣ ማታ ዲክሎፌናክ ትወስዳለህ። አሁን ጠንከር ያለው ማስታገሻ ትራማዶል ሲታዘዝልህ «ሦስቱንም ልዋጥ ወይ?» ነው ያልከው። ሐኪም አይደለሁም፤ ከዚህ ሕመም ጋር ዓመታት ስለኖርኩ የማውቀውን ልንገርህ።

አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክን አንድ ላይ አትውሰድ። ስማቸው ይለያይ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው። ብትደርባቸው ማስታገሱ እምብዛም አይጨምርም፤ ጨጓራ የመድማቱና ኩላሊት የመጎዳቱ ነገር ግን ይጨምራል። መርፌውም ያው ነው። ቀን ክሊኒክ ዲክሎፌናክ ተወግተህ ማታ ክኒኑን ከዋጥክ፣ ያንኑ መድኃኒት ደገምከው ማለት ነው። ብዙ ሰው መርፌን እንደ ሌላ መድኃኒት ስለሚያየው ይሄ ይዘነጋል።

እኔ ፒያሳ የምገዛበት ፋርማሲ ያለችው ልጅ «ቤት ያለውን ሁሉ ይዘህ ና» አለችኝ። የግፊት ክኒኔን ሳይቀር ወሰድኩላት። መስታወቱ ላይ ደርድራ፣ አንድ በአንድ እየገለበጠች ከጀርባ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አነበበች። የግፊት ክኒኖቼ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ላይ ስትደርስ ቆም አለች። በእነሱ ላይ ዲክሎፌናክ ሲጨመር ኩላሊት አደጋ ላይ ይወድቃል አለችኝና ወደ ሐኪሜ መለሰችኝ። እግዜር ይስጣት! አንተም የግፊት መድኃኒት ካለህ ሳትናገር እንዳታልፍ።

ሐኪም ከፈቀደ ከአይቡፕሮፌንና ከዲክሎፌናክ አንዱን መርጠህ ከፓራሲታሞል ጋር መውሰድ ትችላለህ፤ ዓይነታቸው ይለያያል። የጨጓራ ታሪክ ካለህ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል እንዲታዘዝልህ ጠይቅ። ፓራሲታሞል ለአዋቂ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራሙ ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም። የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥም ስላለ እሱንም ቁጠረው።

ትራማዶልን ግን በጣም ተጠንቀቀው። ያስለምዳል፣ ሆድ ያደርቃል። ለነርቭ ተብሎ ከሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን ጋር ሲገናኝ የሚጥል ሕመም ሊያመጣ ይችላል። እነሱም ለነርቭ ከሚሰጡት ከፕሪጋባሊን ወይም ከጋባፔንቲን ጋር ደግሞ ከባድ እንቅልፍ ይጥላል፣ ትንፋሽ ያዳክማል። መጠጥማ ጨርሶ አይነካም። ያዘዘልህ ሐኪም ሌላው ሐኪም የሰጠህን ያውቃል ብለህ አትገምት፤ ወረቀቶቹን በሙሉ አሳየው።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ሽንት አልወጣ ካለህ ወይም ካመለጠህ፣ መቀመጫህና ብልትህ አካባቢ ከደነዘዘህ፣ ወይም እግርህ መሸከም ካቃተው የክኒኑን ጉዳይ ተወው። ሌሊትም ቢሆን ሳትውል ሳታድር ድንገተኛ ክፍል ግባ፤ መሃል ከተማ ከሆንክ ጥቁር አንበሳ ቅርብህ ነው።