ታማሚን በቤት ለሚያስታምሙ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ ወዲህ፣ ስለ ጨጓራና ስለ ልጆች ትኩሳት ይጽፉልኝ የነበሩ የጅማ አንባቢያን ሁሉ ወደ አንድ ጥያቄ ዞረዋል፤ ቤት የተኛን ሰው ራሳችን ሳንያዝ እንዴት እናስታምም የሚል ነው። ከደረሱኝ መካከል ስድስቱን መርጫለሁ።

ከኮቺ አንዲት እናት የሕክምና ጓንት ጠዋት አጥልቀው እስከ ማታ እንደማያወልቁ፣ ሲቆሽሽም በሳሙና አጥበው እንደሚያሰጡት ጽፈው፣ «ይበቃል ወይ?» ይላሉ።

አይበቃም፤ እንዲያውም ባይለብሱት ይሻል ነበር። ጓንት ያጠለቀ እጅ የታማሚውን ትራስ ነክቶ ወደ ሊጡ ከሄደ ባዶ እጅ የሚያደርሰውን ሁሉ ያደርሳል፤ ልዩነቱ ባለቤቱ ቆሻሻው ስለማይሰማው መታጠቡን መርሳቱ ነው። ጓንቱን ትውከት፣ አክታ፣ ሽንት ወይም ሰገራ ሲያነሱ ብቻ ይልበሱ፤ ከዚያ አውልቀው ይጣሉትና እጅዎን በሳሙና ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይታጠቡ። የአንድ ጊዜ ጓንት አይታጠብም፣ አይሰጣም።

የታማሚው ሰሃን ከታጠበ በኋላ ይጣል ወይ ለሚሉ፦ አይጣልም፤ በሙቅ ውሃና በሳሙና ከታጠበ ሰሃን ነው።

ከሄርማታ የጻፉ ወጣት በረኪናን «ሽታው ዓይን እስኪያቃጥል» እንደሚጠቀሙና ኃይል እንዲኖረው ኮምጣጤ እንደሚጨምሩበት ገልጸዋል።

ኮምጣጤውን ዛሬውኑ ያቁሙ፤ በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ሳንባን የሚጎዳ የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል፣ ለታመመ ሳንባ ደግሞ ይህ ከሚፈሩት በሽታ ያላነሰ ጠንቅ ነው። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ከሆነ፣ ለበር እጀታና ለጠረጴዛ አንድ ሲኒ በረኪና በ49 ሲኒ ውሃ ይበቃል፤ ደም ወይም ትውከት ለፈሰሰበት ቦታ አንድ ሲኒ በ9 ሲኒ ይሁን። ቆሻሻ የበረኪናን ኃይል ስለሚያደክም ቦታው አስቀድሞ በሳሙና ይታጠብ፤ ድብልቁም በየቀኑ አዲስ ይዘጋጅ። የለኩበት ሲኒ ወደ ረከቦቱ እንዳይመለስ አደራ።

ከጅሬን የደረሰኝ ረዘም ያለ ደብዳቤ ነው። እናት ቫይረሱ ተገኝቶባቸው በአንዲት ክፍል ተኝተዋል፤ ልጆቻቸው ብርድ እንዳይመታቸው መስኮቱን ዘግተው መጋረጃ ደርበውበታል፤ ጥያቄያቸውም በደጃፉ ሲያልፉ ማስክ ያስፈልጋቸው እንደሆነ ነው። ከደብዳቤው መጨረሻ ገደማ፣ እንደ ዋዛ፣ «የምታስታምማቸው ሠራተኛችን ናት፤ ማታም እዚያው ምንጣፍ ላይ ትተኛለች» ይላል።

በደጃፍ ለሚያልፉት ልጆች ከመጨነቄ በፊት ምንጣፍ ላይ ስለምታድረው ልጅ ልናገር። ታማሚው ሲያስልና ሲናገር የሚወጣው ደቃቅ እርጥበት በተዘጋ ክፍል ውስጥ መውጫ እንዳጣ የማድ ቤት ጭስ እየተጠራቀመ ይሄዳል፤ እርሷም ሌሊቱን ሙሉ የምትተነፍሰው ያንኑ ነው። መስኮቱ ይከፈት። የጅማ ክረምት እርጥብና ቀዝቃዛ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ብርድ ኮሮናን አይወልድም፣ እናታችሁንም ጋቢ መደረብና አልጋቸውን ከነፋሱ መስመር ማራቅ ይቻላል። ወደ ሳሎን የሚወስደው በር ግን ተዘግቶ ይቆይ።

ልጅቱ በሌላ ክፍል ትተኛ። ማስክ ለእርሷም ለእናታችሁም ይደረግ፣ ሲረጥብም ይቀየር፤ ምግቡን አስቀምጣ ትውጣ፣ ከተቻለ አንድ ሜትር ትራቅ፣ ስትገባም ስትወጣም ትታጠብ። አስታማሚ አንድ ሰው ይሁን ስንል የሚመረጠው ጤናማ፣ በዕድሜ ያልገፋ፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም የሌለበት፣ ነፍሰ ጡርም ያልሆነ ሰው ነው እንጂ «እምቢ» ማለት የማይችለው ሰው አይደለም። እርሷን ጠይቃችኋት ታውቃላችሁ? ከመካከላችሁ ጤነኛ የሆነው ልጅ ለእናቱ ቢገባ ምን ይጎድላል? በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ሳንባ ነቀርሳ የያዛቸውን አስታመው ራሳቸው አልጋ የያዙ፣ ስማቸውን ግን ማንም ያልጠየቀላቸው ሠራተኞች አይቻለሁና ይህን ስጽፍ ቁጣዬን መሸሸግ አልቻልኩም። ካሳላት ወይም ካተኮሳት ትመርመር፤ ሥራ ባቆመችባቸው ቀናትም ደመወዟ አይቆረጥ። ስለ ደጃፉ፦ በሩ ተዘግቶ መስኮቱ ከተከፈተ ማለፉ ብዙም አያሰጋም።

የባሕር ዛፍ እንፋሎት ቫይረሱን ይገድላል ወይ ላሉት የአጂፕ ነዋሪ፦ አይገድልም፤ የፈላ ውሃ ያቃጥላል፣ በተዘጋ ክፍል የሚነድ ከሰል ደግሞ ይገድላል። ለተጨማሪው ሐኪም ያማክሩ።

የመጨረሻው ጠያቂ አባታቸው ሦስት እርምጃ ሲራመዱ ትንፋሽ እንደሚያጥራቸው፣ የደም ኦክስጅንን በጣት የሚለካው መሣሪያ 88 በመቶ እንዳሳየ፣ አባት ግን «ሆስፒታል የሄደ አይመለስም» ብለው እንቢ እንዳሉ ጽፈዋል። ለእኚህ ሰው ዓምዱ እስኪወጣ ሳልጠብቅ በስልክ መልሻለሁ፤ እዚህ የማሰፍረው ለሌሎች ነው። የጥፍር ቀለም ወይም የቀዘቀዘ ጣት ቁጥሩን ሊያሳስት ይችላል፤ ሆኖም ትንፋሽ ካጠረ በኋላ ቁጥሩ እስኪስተካከል መጠበቅ አያስፈልግም። ከ94 በታች ሲወርድ ለጤና ባለሙያ ይነገራል፤ ከ90 በታች ከሆነ፣ ወይም ከንፈር ከጠቆረ፣ ደረት ካመመ፣ ንግግር ከተምታታ፣ ታማሚው ኦክስጅን ወዳለበት በዚያው ሰዓት ይወሰዳል። በነፃው የጤና ጥሪ መስመር 8335 ይደውሉ፤ መስመሩ ከተያዘ መደወሉን ለሌላ ሰው ይተዉና ታማሚውን ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ያንቀሳቅሱ፣ የመኪናው መስኮትም ክፍት ይሁን። አባትን የሚያግባባ ሽማግሌ ካስፈለገ ሽማግሌው በስልክ ያናግራቸው እንጂ ቤት ድረስ አይጠራ።