ፊልሜን ማነው የሚጭረው?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ የ30 ሜትር ጥቅል የካሜራ ፊልም በሎደር (ፊልም መሙያ ሳጥን) እየቆረጥኩ ካርትሪጅ (ካሜራ ውስጥ የሚገባው ትንሽ የፊልም መያዣ) ውስጥ ራሴ ነው ምሞላው፣ ግን ፊልሙ ላይ ቀጥ ያለ ረጅም ጭረት ይወጣል፣ ደሞ የመጨረሻዎቹ ፎቶዎች ሁሌ ይቃጠላሉ፣ ምን ይሻላል?

መልስ፦ ጭረቱ ብዙ ጊዜ ካርትሪጁ አፍ ላይ ካለችው ጨርቅ ነው ሚመጣው ወንድሜ፣ አንዲት የአቧራ ፍሬ እዛ ከተሰነቀረች ፊልሙ ባለፈ ቁጥር ትቧጭረዋለች፣ አፉን በፕላስተር እየነካካህ አቧራውን አንሳ፣ ካርትሪጁ ካረጀ ግን ጣለው። ሎደርህ የብርሃን መዝጊያ በር ካለውም ክዳኑን ከዘጋህ በኋላ በሩን ሳትከፍት እጀታውን እንዳታዞር፣ እሱም ይጭራል። የመጨረሻዎቹ የሚቃጠሉት የፊልሙን ጫፍ ስፑሉ (ካርትሪጁ ውስጥ ፊልሙ የሚጠቀለልበት ዘንግ) ላይ ምትለጥፈው ብርሃን ላይ ስለሆነ ነው፣ ወይ ጨለማ ውስጥ ለጥፍ ወይ ለ36 ፎቶ የሚበቃ ሞልተህ 33ኛው ላይ ማንሳት አቁም፣ እኔ ሁለተኛው ይቀለኛል።